የኦቢ ኦኮንክዎ የደመወዝ ሒሳብ

በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ሠልጣኞች ጋር ከምናነባቸው ልቦለዶች አንዱ የናይጄሪያዊው ደራሲ የቺኑዋ አቼቤ «ኖ ሎንገር አት ኢዝ» ነው። ርእሱን ወደ አማርኛ እንመልሰው ቢባል «ከእንግዲህ እፎይታ የለም» ወደሚል ይጠጋል። መጽሐፉ የታተመው በ1960 ሲሆን፣ ናይጄሪያም ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አንድ ቀን መጽሐፉን አንብበን እንደ ጨረስን፣ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሳልሰለች የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅሁ። ጉቦ በልቶ የተያዘው የዚህ ታሪክ ዋና ሰው፣ ኦቢ ኦኮንክዎ፣ ጥፋቱ ምንድን ነው? አልሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሠልጣኝ እጁን እንኳ ሳያወጣ «ትንሽ መብላቱ ነዋ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄአለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ የመጽሐፉን መጀመሪያ ስገልጥ ግን ያው መልስ እዚያ ተጽፎ አገኘሁት። በሌጎስ የሚኖሩ የኦቢ አገር ሰዎች ያቋቋሙት የኡሙኦፊያ የዕድገት ማኅበር ስለ ተያዘው ልጃቸው ሊመክር በተሰበሰበ ጊዜ፣ ሊቀ መንበሩን የከነከነው ልጁ ጉቦ መቀበሉ አልነበረም። የከነከነው ለሃያ ፓውንድ ብሎ መያዙ ነው። እንቁራሪት መብላት ካልቀረ የሰባውን መፈለግ ይሻላል የሚል ያገራቸውን አባባል እየጠቀሰ ይቆጫል።

ሠልጣኙ ያችን ገጽ አስታውሶ የተናገረ አይመስለኝም። ከራሱ አገር አፍ የሰማውን ነው የተናገረው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ያልሰማ ልጅ በመካከላችን የለምና። ነገሩን የከፋ የሚያደርገው ግን እነዚህ ሠልጣኞች በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች የሚሆኑ መሆናቸው ነው። ይህን ሒስ ያስጻፈኝ የዚያን ቀን ሳቅ ነው፤ የራሴም ሳቅ ጭምር።

መጽሐፉን ላላነበቡ የሙያ ባልደረቦቼ ታሪኩን በአጭሩ ልናገር። የኡሙኦፊያ ሰዎች በየወሩ ከኪሳቸው አዋጥተው ኦቢን በ800 ፓውንድ ብድር ወደ እንግሊዝ ይልኩታል። ሕግ ተምሮ በመሬት ክርክራቸው እንዲቆምላቸው ነበር ሐሳባቸው፤ እሱ ግን ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ይመለሳል። በሌጎስ ለውጭ አገር ትምህርት የሚላኩ ተማሪዎችን የሚመርጠው ቦርድ ጸሐፊ ሆኖ በከፍተኛው የመንግሥት ሥራ ይመደባል። ክላራ የተባለች ነርስ ይወዳል፤ እርሷ ግን በጥንት ዘመን ለጣዖት ከተሰጡ ቤተሰቦች ወገን ስለሆነች «ኦሱ» ትባላለች፤ ጨዋ ነኝ የሚል ሰው አያገባትም። ከዚያ ዕዳ በዕዳ ላይ ይከመራል። ክላራ ታረግዛለች፤ ጽንሱ በገንዘብ በሐኪም ይወርዳል፤ እናቱ ትሞታለች፤ እሱ ለቀብሯ አይሄድም። በመጨረሻ ጉቦ መቀበል ይጀምራል፤ ምልክት በተደረገበት ገንዘብ ይያዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ እንግሊዞች ዕቃቸውን መጠቅለል በጀመሩበት ጊዜ ነው።

ደራሲው ታሪኩን ከመጨረሻው፣ ከችሎቱ ይጀምረዋል። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የኦቢን ፍርድ ለማየት ከመጡት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል አንዳንዶቹ ለዚያ ቀን ታመናል የሚል የሐኪም ወረቀት ለማግኘት እስከ አሥር ሽልንግ ከስድስት ፔንስ የከፈሉ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው በጉቦ ሲፈረድበት ለማየት ጉቦ ከፍሎ መምጣት ማለት ነው። አቼቤ በዚህ ላይ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ ዓረፍተ ነገሩን አስቀምጦ ያልፋል። ሠልጣኞቼ ይህችን መስመር ሳያዩ ሲያልፏት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምናልባት ለእኛም የተለመደ ነገር ስለሆነ አይታየን ይሆናል።

ስለዚህ መጽሐፍ በክፍልና በፈተና ወረቀት የተለመደው ትርጓሜ የታወቀ ነው። ኦቢ በሁለት ባሕል መካከል ተንጠልጥሎ የቀረ ወጣት ነው፤ አንድ እግሩ በእንግሊዝ፣ አንድ እግሩ በኡሙኦፊያ፤ ስለዚህም ወደቀ ይባላል። እኔም ይህንኑ እየደጋገምሁ አስተምሬአለሁ። ትርጓሜው ሐሰት አይደለም፤ የክላራ ታሪክ ያለ እርሱ አይፈታም። ሆኖም ዋናውን ነገር ይጋርዳል። ባሕል ተጋጨበት ያልነው ሰው ለምን ሌላ ነገር ሳይሆን ጉቦ በላ? ሁለት ባሕል የተጋጨበት ሰው ሊሰክር ይችላል፤ ሊሰደድ ይችላል፤ ገዳም ሊገባም ይችላል። በተለይ ጉቦ ለመብላት ግን ወንበር ያስፈልጋል። እኔ አሁን የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው፤ የዚህ ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ወንበሩ ነው፤ ከእንግሊዝ እጅ ወደ አገር ልጅ እጅ የተላለፈው የመንግሥት ሥራ ወንበር።

ያ ወንበር በናይጄሪያ ሰዎች አፍ «የአውሮፓዊ ሥራ» ይባል ነበር። ስሙ ለይስሙላ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን ከፍተኛው የመንግሥት ሥራ በተግባር ለነጮች የተከለለ ነበርና። በ1948 በሰር ሂው ፉት የሚመራ ኮሚሽን፣ ችሎታ ያለው ናይጄሪያዊ እስከተገኘ ድረስ ለዚህ ሥራ የውጭ አገር ሰው እንዳይቀጠር ሐሳብ ካቀረበ በኋላ በሩ እየተከፈተ ሄደ። ኦቢ የገባው በዚያ በር ነው። እንግዲህ ወደ ውስጥ ሲገባ ምን አገኘ? ኢኮዪ በተባለው የነጮች ሰፈር ቤት፣ መኪና የሚገዛበት የመንግሥት ብድር፣ የልብስ መግዣ አበል፣ የዕረፍት ፈቃድ። አዲሱን ሞሪስ ኦክስፎርድ መኪናውን ገዝቶ ሾፌር ቀጠረ። ይህ ሁሉ ሲታይ በረከት ይመስላል።

ነገር ግን እያንዳንዱን ጥቅም ለማን ተብሎ እንደ ተሠራ እንጠይቅ። ወንበሩ የተሠራው ዘመዱን ባሕር ማዶ ትቶ ለመጣ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው ሹም በሌጎስ የሚጦራቸው አባትና እናት የሉትም፤ የወንድሙን ልጅ ይዞ ደጁን የሚያንኳኳ አጎት የለውም፤ ቤቱ ከከተማው ርቆ ጸጥ ባለ ሰፈር መሠራቱም ለዚሁ ነው። ከሌጎስ ከተማ ወደ ኢኮዪ መሻገር ከገበያ ወጥቶ ወደ ለቅሶ ቤት እንደ መሄድ መሆኑን አቼቤ ይነግረናል፤ በመካከሉ ያለውም ሰፊ የመቃብር ቦታ ነው። የዕረፍት ፈቃዱም የተፈለሰፈው ወደ እንግሊዝ ለመመለሻ ነበር። ወንበሩ ወደ ኦቢ ሲተላለፍ ቤቱም፣ መኪናውም፣ ፈቃዱም እንዳሉ ተላለፉ። የኦቢ ዘመዶች ግን ባሕር ማዶ አልነበሩም።

ደሞዙ በወር 47 ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ ነው። ለሌጎስ ድሃ ይህ የንጉሥ ሀብት ነው፤ አቼቤም ይህን ሊያስረሳን አይፈልግም፤ የማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ በጣም አነስተኛ ደሞዝተኞች ናቸውና። ከዚህ ላይ 20 ፓውንድ ለማኅበሩ ብድር መክፈያ ይሄዳል፤ 10 ፓውንድ ለወላጆቹ። 17 ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ ቀረ። ከዚህ ከቀረው ላይ የታናሽ ወንድሙ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሾፌሩና የቤት ሠራተኛው ደሞዝ፣ ቤንዚን፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ መብራት፣ የገቢ ግብር፣ ቀለብ። በክፍል ውስጥ ይህን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሠራ ሠልጣኞቹ ዝም ይላሉ። መኪናው ይቅርበት የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ማኅበሩ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ልጁ በእግሩ ሲሄድ ለማየት አይደለም። ልጃቸው ወደ «አውሮፓዊ ሥራ» ገብቷልና በአውሮፓዊ ልክ መታየት አለበት። እንዲያው ከእንግሊዝ በተመለሰበት ቀን የአቀባበል ግብዣ ሲደረግለት ሸሚዝ ብቻ ለብሶ በመምጣቱና ቀላል እንግሊዝኛ በመናገሩ ማኅበረተኞቹ ቅር ተሰኝተውበታል። የማኅበሩ ጸሐፊ ያነበበው ንግግር ነበር የሚያረካው፤ በትልልቅ ቃላት የታጨቀ።

እዚህ ላይ የአቼቤን ትልቅነት የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ኦቢ ብድሩ ለአራት ወር ይራዘምልኝ ብሎ ማኅበሩን ሲጠይቅ ያለ ብዙ ክርክር ይፈቅዱለታል። ሊቀ መንበሩ ግን በዚያው አፉ ስለ ክላራ ኦሱነት ሊመክረው ይጀምራል። ኦቢ ተቆጥቶ፣ እፎይታውን አልፈልግም፣ ከዚህ ወር ጀምሬ እከፍላለሁ ብሎ ጥሎ ይወጣል። ባሕልና ገንዘብ በዚህች አንዲት ስብሰባ ላይ ተገናኙ። ሰውየው ክብሩን ጠበቀ፤ በክብሩም ሳቢያ የሒሳቡ ገመድ አንገቱ ላይ ጠበቀ። ስለ ባሕል ግጭት ብቻ የሚጽፉ ተፈታኞች ይህን ትዕይንት ይጠቅሳሉ፤ 20 ፓውንዱን ግን ይረሱታል።

አሁን ወደ ዜግነት ልምጣ፤ የመጽሐፉ ጥልቅ ሐሳብ ያለው እዚህ ነውና። በዚያው የአቀባበል ግብዣ ላይ ሊቀ መንበሩ ኦቢን ሥራ ሰጡህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ማን? «እነሱ»። ይህን ተከትሎ ደራሲው በናይጄሪያ መንግሥት ማለት «እነሱ» ማለት እንደ ነበረ ያስረዳል። ከአንተም ከእኔም ጋር የማይነካካ፣ ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ የሰው ፈንታ ችግር ውስጥ ሳይገባ የቻለውን ያህል ከእርሱ መውሰድ ነው። ይህ የልቦለዱ ማዕዘን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሊቀ መንበሩ ደግሞ በሕግም ረገድ አልተሳሳተም። በዚያ ጊዜ ናይጄሪያዊ የሚባል ዜግነት አልነበረም። በሌጎስ ቅኝ ግዛት የተወለደ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ ነበር፤ እንደ ኦቢ በአገሩ ውስጠኛ ክፍል የተወለደ ግን ያም እንኳ አልነበረም፤ «በብሪታንያ ጥበቃ ሥር ያለ ሰው» ይባል ነበር። አስቡት፤ ዲግሪ ያለው፣ በከፍተኛው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የአገሩን ወጣቶች የትምህርት ዕድል የሚወስን ሹም፣ ስሙ በሕግ ፊት ጥበቃ የሚደረግለት ሰው ነው። በ1960ው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ እሱ ራሱ እዚያው የተወለደ፣ ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹም ቢያንስ አንዱ እዚያው የተወለደ የአገሩ ተወላጅ ሁሉ ኦክቶበር 1 ቀን ሲነጋ የናይጄሪያ ዜጋ ሆነ። በአንድ ሌሊት «እነሱ» የነበረው «እኛ» ተባለ። ልቦለዱ ከዚያች ሌሊት በፊት ያልቃል፤ ጥያቄው ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ ያለውን ዘመን ይመለከታል።

የጉዳዩ ክብደት በእኛው አካባቢም ታይቷል። በታንጋኒካ የነጻነቱ ቀን ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በኦክቶበር 1961፣ የዜግነቱ ሕግ በምክር ቤት ሲመከርበት ዜግነት ለጥቁሮች ብቻ ይሁን የሚሉ ተነሡ። ጁሊየስ ኔሬሬ ዜግነት በቆዳ ቀለም ከሆነ መንግሥቴ ሥራውን ይለቃል ብሎ እስከ መዛት ደርሶ ሕጉ አለፈ። በኬንያ ደግሞ ዜግነቱን በቀጥታ ያላገኙት ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ የእስያ ተወላጆች፣ ከዲሴምበር 1963 ጀምሮ እንዲመዘገቡ ሁለት ዓመት ተሰጣቸው። እነዚህ ሁሉ ዜጋው ማን ነው የሚለውን የሚፈቱ ሕጎች ናቸው። አቼቤ የጠየቀው ሌላውን ነው፤ ዜጋ የተባለው ሰው መንግሥቱን የራሴ ይለዋል ወይ?

እኛ በቅኝ አልተገዛንም፤ ስለዚህ ይህ የእኛ ጥያቄ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን ቋንቋችንን እንስማው እላለሁ። ደጅ ላይ ዝናብ የሚመታውን ወንበር ማንም የማያስገባው «የመንግሥት ነው» ብሎ ነው። «እጅ መንሻ» የሚለው ቃል በጥንት ወደ ጌታ ፊት ሲቀርቡ የሚያዝ ማክበሪያ ነበር፤ ዛሬ ለምን እንደሚያገለግል ሁላችንም እናውቃለን። «ዜጋ» የሚለው ቃል ራሱ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ውስጥ የሌላ ሰው ጥገኛ ሆኖ የሚኖረውን ባለ ጉልበት መጥሪያ እንደ ነበረ የታሪክ አጥኚዎች አሳይተዋል። እንግሊዝ ሳይኖርም «እነሱ» ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ ናይጄሪያዊው «እነሱ» ሲል የሚያሳየው የተለየ መልክ ያለው ሰው መኖሩ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በሕዝቡ ኑሮ እንዴት እንደሚሠራ ከሚያሳዩት ክፍሎች ሁሉ እኔ የምወደው የጭነት መኪናውን ነው። ኦቢ ወደ አገሩ ሲሄድ ፖሊሶች መኪናውን ያስቆማሉ። ረዳቱ እንደ ልማዱ ሁለት ሽልንግ ሊሰጥ ሲል ፖሊሱ የኦቢን ዓይን ያያል። ደነገጠና ገንዘቡን ትቶ ሕጉን መጥቀስ ጀመረ። ኋላ ረዳቱ ተመልሶ ሮጦ ሲሄድ ዋጋው አሥር ሽልንግ ሆኗል። ተሳፋሪው ሁሉ የተቆጣው በፖሊሱ አይደለም፤ በኦቢ ነው። ለምን አየኸው? ብለው ነው። አንድ የተማረ ሰው ዓይን ብቻ ስላለው የጉቦው ዋጋ አምስት እጥፍ ወጣ። ይህን ትዕይንት ከማንኛውም የሥነ ምግባር ትምህርት አብልጬ እመለከተዋለሁ፤ ምክንያቱም ብቻውን ንጹሕ የሆነ ሰው ለሌሎች ሸክም እንደሚሆንባቸው ሳይሸፋፍን ያሳያል። ኦቢ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ሲያብሰለስለው የነበረ ሐሳብ አለው። ለንደን ሳለ ለናይጄሪያ ተማሪዎች ባነበበው ጽሑፍ፣ ከታች ጀምረው እየከፈሉ የወጡት አሮጌዎቹ ሹማምንት በዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ሲተኩ ጉቦ ይጠፋል ብሎ ነበር። ይህን እምነት ስንቶቻችን በሃያ ዓመታችን ይዘነው እንደ ነበር ለራሳችን እንጠይቅ።

ስለ ሚስተር ግሪን፣ ስለ ኦቢ አለቃ፣ ጥቂት ልበል። ብዙዎች እንደ ተራ ዘረኛ ቆጥረው ያልፉታል። ነገሩ ያን ያህል ቀላል አይደለም። አፍሪካዊ ከሥር እስከ ጫፉ የበሰበሰ ነው የሚለው እሱ ነው፤ የቤት ሠራተኛውን ልጆች የትምህርት ክፍያ የሚከፍለውም እሱ ነው። በሥራው ትጉህ ነው። ናይጄሪያ በ1956 ነጻ ትወጣለች ሲባል መልቀቂያውን አስገብቶ፣ ነጻነቱ ሲዘገይ ተለምኖ ወረቀቱን አነሣ። የሚወዳት አፍሪካ አለችው፤ እርሷም የተላላኪውና የአትክልተኛው አፍሪካ ናት። ጎኑ የሚቀመጠውን ዲግሪ ያለውን አፍሪካዊ ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ በአእምሮው የለም። አንድ ቀን የአገሩ ልጆች ለአገር ሲሉ ጥቅማቸውን አይተዉም እያለ ስለ መኪናና ስለ ዕረፍት ፈቃድ ይወቅሳል። ኦቢም ይህን ሥርዓት የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ስንደርስበት ነው የከፋችሁ የሚል መልስ ይሰጠዋል። የሁለቱም ቃል እውነት አለው። እዚህ ላይ ደራሲው ለማንም አያዳላም፤ ለዚህም ነው ትዕይንቱ ዛሬም የሚነበበው።

መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ትልቁ እንከን ክላራ ናት። በእርሷ አካል ላይ ከሁሉም የከፋው ነገር ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከታሪኩ ትወጣለች፤ ምን እንዳሰበች አናውቅም። ለኦቢ ዕዳ መክፈያ ብላ 50 ፓውንድ ያበደረችው እርሷ ናት፤ ገንዘቡ ከመኪና ውስጥ ተሰረቀ። ለሐኪሙ የተከፈለውን 30 ፓውንድ ኦቢ የቆጠረውን ያህል የእርሷን ሕይወት ማንም አልቆጠረላትም፤ ደራሲውም ጭምር። ሴቶች ሠልጣኞቼ ይህን ከወንዶቹ ቀድመው ያያሉ። ሁለተኛው እንከን ተላላኪው ቻርለስ ነው። ከኦቢ 30 ሽልንግ ተበድሮ መክፈል ያቃተው ይህ ሰው፣ ከላይ ያለው ሁሉ ከታች ካለው ምን እንደሚወስድ ሊያሳየን ይችል ነበር፤ ነገር ግን ለመሳቂያ ያህል ገብቶ ይወጣል።

ሦስተኛ እንከን ብዬ ለብዙ ጊዜ የማስተምረው የመጨረሻው ምዕራፍ ፍጥነት ነበር። መጽሐፉ ሁሉ ወደ ጉቦው ሲሄድ ቆይቶ፣ ጉቦው ራሱ በጥቂት ገጾች ያልቃል። አንድ ሰው መጥቶ 50 ፓውንድ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ሌሎች ይከተላሉ፤ ዕዳው ይከፈላል፤ ኦቢ ይህ የመጨረሻው ነው ባለበት ጊዜ ይያዛል። ዛሬ ይህን እንከን ለማለት አመነታለሁ። አቼቤ በእነዚያ ገጾች ውስጥ አንድ ነገር ሸጉጧል። ኦቢ ጉቦ ሲቀበልም ሕግ ነበረው፤ ለትምህርት ዕድሉ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ መመዘኛ ከማያሟላ ሰው በፍጹም አይቀበልም። በዚህ ነገር ከቶ አይበገርም ነበር። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱን እንዴት እንደሚያጽናና ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላነበብሁም። ሰውየው ሌባ የሆነ አይመስለውም፤ ፋይሉ የተሟላ ነውና።

ኦቢ ለሥራው ሲፈተን የተጠየቀው ጥያቄም እዚህ ላይ ይታወሰኛል። ከመርማሪዎቹ አንዱ ጉቦ ለመብላት ነው ወይ ይህን ሥራ የምትፈልገው አለው፤ ኦቢም ጥያቄው አይጠቅምም በሚል ስሜት መለሰ። በዚያው ፈተና ላይ ከሊቀ መንበሩ ጋር ስለ ግሬኃም ግሪን ልቦለድ ሲጫወት፣ መጽሐፉ ሰውየው ራሱን በመግደሉ መከራውን አጥርቶ ይጨርሳል፤ እውነተኛ መከራ ግን አይጨረስም ብሎ ነበር። አያቱ ኦኮንክዎ በመጀመሪያው ልቦለድ፣ በ1958 በታተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት»፣ ራሱን ሰቅሏል። የልጅ ልጁ ግን በችሎት ቆሞ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ከዚያ ወደ እሥር ቤት ይሄዳል። ዳኛው፣ የብሪቲሽ ካውንስሉ ሰው፣ የኡሙኦፊያ ሰዎች፣ ሁሉም ለምን ብለው ይገረማሉ። ከእነርሱ ጋር ለምን የሚለውን መመለስ የአንባቢ ፈንታ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለውጫለሁ። የኦቢ ጥፋት ምንድን ነው ማለት ትቼ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ለያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ወረቀት ሰጥቼ የኦቢን ወር በፓውንድና በሽልንግ እንዲያሰሉ አደረግሁ። ገቢ በአንድ በኩል፣ ወጪ በሌላው በኩል፣ መጽሐፉ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ። ሰነፎቹ አሥር ደቂቃ፣ ጎበዞቹ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። አንዲት ሠልጣኝ መኪናውን ሰርዛ አሳየችኝ። ሌላው ደግሞ መኪናውን ሳይሆን ማኅበሩን ነው መሰረዝ አለ፤ ሁለቱ ተከራክረው ደወል ተደወለ።

ከሁሉም በኋላ የወጣው ያ ከኋላ ተቀምጦ ያሳቀን ልጅ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ ሒሳቡ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተሠርቷል። ከዚያ ቆም ብሎ «መምህር፣ የእኛ የመነሻ ደመወዝ ስንት ነው?» አለኝ። ነገርሁት። የቤት ኪራይስ? አለ፤ እሱንም ነገርሁት። ወረቀቱን ገልብጦ ቁጥሩን ከላይ ጻፈና ቆሞ መቀነስ ጀመረ።